ጋሼ ፍቀው የሚጥሉት

ጥቅምት 6

ለድንቢጤ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወርክሾፑም ደህና ነው፤ ጣሪያው እንኳ ዘንድሮ ያፈሰሰው በአንድ በኩል ብቻ ነው። መልሱን ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስልኬ መዘፍዘፊያው በርሜል ውስጥ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆነው። አውጥቼ እንደ በግ አንጀት ዘርግቼ ባደርቀውም አልነሳ አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አልናፈቀኝም። ደብዳቤ ይሻላል፤ እጄ እርጥብ ሆኖ ሳለ አይጮህብኝም።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ሥራዬ እንደ ድሮው ነው። የበጉ አንጀት ትኩሱን ከቄራ ይመጣል፤ ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በደነዘ ቢላ እፍቀዋለሁ። ከውጭ ስቡ ይሄዳል። ከውስጥ ያ ንፍጥ የመሰለው ሽፋን ይሄዳል። መሃል ላይ የሚቀረው እንደ እርጥብ ወረቀት የሳሳ ነው፤ ግን ጎትተሽ አትበጥሺውም። እሱን እገምደዋለሁ፣ እወጥረዋለሁ፣ ሲደርቅ የቫዮሊን ክር ይሆናል። የተፋቀው የት ይሄዳል ላልሽው በባልዲ ወደ ፍሳሽ ነው። ሌላ የት ይሄዳል?

ክር የምትገዛኝን የሙዚቃ መምህር ታውቂያታለሽ። ደብዳቤሽን ሳነብላት "ልጅቷ ዶክተር የምትሆነው አንተ በምትደፋው ባልዲ ነዋ!" ብላ በሳቅ ሞተች። እኔም ሳቅሁ። አርባ ዓመት የደፋሁትን ልጄ በማይክሮስኮፕ ትለቅመዋለች። እስኪ ንገሪኝ፣ ምን አለው?

ስለ ጤናዬ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። ደህና ነኝ አልኩሽ። ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቻለሁ፤ ቆዳው ስለተለጠጠ ነው።

አጎትሽ

ጥቅምት 19

ለውድ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ላብራቶሪ ውስጥ ቆሜ ነው። የስልኩ ወሬ ላይ ስደርስ ብቻዬን ስስቅ የጽዳት ሠራተኛችን ሰምተው "ምነው ልጄ፣ በጤናሽ ነው?" አሉኝ።

ምን አለው ላሉት፣ እንግዲህ ቁጭ ይበሉና ይስሙኝ። የምሠራበት ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት ማይክሮስኮፕ፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ ወንበር። የምስር ፍሬ የምታህል የአንጀት ቁራጭ ሰም ውስጥ እንከታትና ከፀጉር አሳስተን እንቆርጣታለን። ከዚያ መስታወት ላይ አስተኝተን ቀለም እናጠጣታለን። ጋሼ፣ ያኔ እርስዎ ንፍጥ ያሉት ሽፋን በሥርዓት የተሠራ ሰፈር ሆኖ ይታያል። እያንዳንዱ ሴል ጎረቤቱን ተደግፎ ቆሟል። በመካከላቸው ሆዳቸው የተነፋ፣ እግራቸው የቀጠነ፣ ቁርጥ ዋንጫ የሚመስሉ አሉ። ሥራቸው ያንን ዝልግልግ ነገር መሥራትና ማፍሰስ ነው። አንጀት ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌለው ባክቴሪያ ይኖራል፤ ዝልግልጉ በባክቴሪያውና በግድግዳው መካከል ይተኛል። ዋንጫዎቹ ሲያልቁ ባክቴሪያው ግድግዳውን ይነካዋል፣ አንጀት ይቆጣል። ሲቆጣ ደግሞ የቀሩት ዋንጫዎች ያልቃሉ። የቱ እንደሚቀድም ለማወቅ ነው አራት ዓመት የፈጀሁት።

ስለዚህ አርባ ዓመት ሙሉ ሲደፉ የኖሩት ዘበኛውን ነው። በጎቹ ቀድመው ሞተዋልና አልፈርድብዎትም።

የቀበቶው ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ያ ቀበቶ በዕድሜ ይበልጠኛል። እስከ ዛሬ ሳይለጠጥ ዘንድሮ ምን ነካው?

እኔማ እበላለሁ፣ አያስቡ። ሆዴን አልፎ አልፎ ይቆርጠኛል፤ ምሳ ስለምረሳ ነው። ሻይ ስጠጣበት ይተወኛል።

ድንቢጥዎ

ኅዳር 2

ለድንቢጤ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስለ ዋንጫዎቹ የጻፍሽው እንቅልፍ ነሳኝ፤ በደስታ ማለቴ ነው። ቀበቶውን ተይው፣ አሮጌ ነገር ነው።

ይልቅ አንድ ነገር ላማክርሽ። አንድ ወዳጅ አለኝ። የሙያ ባልደረባዬ ነው፤ እዚሁ ከተማችን ውስጥ እንደኔው አንጀት ይፍቃል። ሰውዬው ሽንት ቤት ሲቀመጥ ንፍጥ የመሰለ ነገር ይወጣዋል፤ አንዳንዴም ደም ይቀላቅላል። ስምንት ወር ሆኖታል መሰለኝ። ባለሙያ ነውና ቆሻሻው ከሥሩ ይውጣልኝ ብሎ በየቅዳሜው የሚያስቀምጥ ጨው በጥብጦ ይጠጣል። የሚወጣው ልክ እንደታጠበ የበግ አንጀት ውሃ እስኪጠራ ድረስ ሆዱን ያጥባል። እሑድ ቀለል ይለዋል። ማክሰኞ ይብስበታል። ጨዉን ይጨምር ወይስ ቀኑን ያብዛ? አንቺ ታውቂ እንደሆነ ብዬ ነው። ምስኪን ነው፣ አንጀቴን ስለበላኝ ነው የምጠይቅሽ።

ፈተናሽ መቼ ነው? እሱን አስቀድሚ።

አጎትሽ

ኅዳር 11

ጋሼ፣

ሰላምታውን በኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያ ከተማ አንጀት የሚፍቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው እርስዎ ነዎት። ሁለተኛው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ቀብራቸው ላይ አብረን ቆመናል፤ ዝናብ ነበር፤ ጃንጥላውን የያዝኩልዎ እኔ ነኝ። ታዲያ በየቅዳሜው ጨው የሚጠጡት ከመቃብር እየተነሡ ነው?

ኧረ አንተ ሰው! ስምንት ወር ሙሉ ደም እያየህ ቀበቶ ትበሳለህ? ከሞተ በግ አንጀት ላይ ሽፋኑን ብትፍቅ ክር ታገኛለህ። ከራስህ ላይ ብትፍቅ ምን ልታገኝ ነው? የሚወጣህ ንፍጥ ቆሻሻ አይደለም። የተቆጣው አንጀትህ ያለችውን ጥቂት መከላከያ እያፈሰሰ ነው፤ አንተ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የቀረችውን ትጠርግለታለህ። ማክሰኞ ለምን እንደሚብስብህ አሁን ገባህ?

ጨዉን ዛሬውኑ ድፋው። ባልዲ የት እንደሚደፋ ታውቃለህ። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሂድ። በካሜራ ውስጥህን ያዩልሃል፤ አያምም። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስቀምጥህ፣ ስንት ኪሎ እንደቀነስክ፣ ምን ምን እንደምትበላ አንድም ሳትደብቅ ጻፍልኝ። አንጀቴ አርሮ ነው የምጽፍልህ።

ሰላምታውን ረሳሁ። እንደምን አለህ ልልህ ነበር፤ እሱንማ ነገርከኝ።

ድንቢጥህ

ኅዳር 24

ለድንቢጤ፣

የተቆጣሽበት ደብዳቤ ደረሰኝ። ሦስቴ አነበብኩት። እንደ ጅል ሰው ዋሸሁሽ፣ ይቅር በይኝ። ያንን ቀብር ጭራሽ ረስቼው! አንተ ማለትሽ ደግሞ አልከፋኝም። ልጅ ሳለሽ አንተ ነበር የምትዪኝ፤ "ታላቅሽን!" ብላ ተቆጥታ እርስዎ ያስለመደችሽ እናትሽ ናት።

ጨዉን ደፍቼዋለሁ። ለጥያቄዎችሽ መልሱ፦ በቀን ስምንት ጊዜ፤ አሥራ አንድ ኪሎ፤ ሾርባና ሩዝ። ቀበቶው አልተለጠጠም።

ሐኪም ዘንድ ግን አልሄድኩም፣ አልሄድምም። ለምን እንደሆነ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። እናትሽ ሆዷን ስትታመም ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። "ተወኝ ወንድሜ፣ ይሻለኛል" እያለችኝ በግድ ነው ጎትቼ የወሰድኳት። አንጀቷ ተቆርጦ ይውጣ አሉ፤ ወረቀት አመጡ፤ እኔ ፈረምኩ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። አንቺ ሰባት ዓመትሽ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ እግሬን ተንተርሰሽ ተኝተሽ ነበር። "አንጀት ፋቂ ወንድሟ አንጀቷን አስወጣ" ያለ ጎረቤትም አልጠፋም። ባልፈርም ትኖር ነበር እያልኩ ሃያ ሦስት ዓመት አስቤዋለሁ። ቢላውን ባነሳሁ ቁጥር ማለት ነው። ያንን በር ዳግመኛ አልረግጥም።

አንቺን ያሳደግሁት እንዳትጨነቂ ነበር፤ ይኸው ፈተናሽ ደጅ ላይ ቆሞ አስጨነቅሁሽ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። አልፈጀውም።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 3

ጋሼ፣

ይቅርታ ልጠይቅህ ብዕር አነሳሁና እርስዎ ብዬ ለመጻፍ አቃተኝ። ሲጨንቀኝ አንተ ይቀለኛል። እናቴ ትፍረድብኝ።

እኔም የደበቅሁህ ነገር አለ። እነሆ ሁለት ዓመት ሞላኝ። እናቴ የሞተችበት ሐኪም ቤት ምድር ቤት ውስጥ የማኅደር ክፍል አለው፤ የድሮ መስታወቶች በእንጨት ሣጥን ይቀመጣሉ። ልጇ መሆኔን የሚያሳይ ወረቀት ይዤ ሄድኩና ጠየቅሁ። ሰጡኝ። የእናቴን አንጀት አየሁት፣ ጋሼ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዲት ዋንጫ ፈለግሁ። አንዲትም አጣሁ። ሽፋኑ በብዙ ቦታ ተልጧል፤ አንድ ቦታ ላይ ግድግዳው ራሱ ተበስቷል። ይህ የሳምንት የወር ሥራ አይደለም፤ የዓመታት ነው። ዓመታት ሙሉ ደብቃናለች፤ ልክ እንዳንተ። አንተ ስትወስዳት አንጀቷ አስቀድሞ ተበስቶ ነበር። መዝገቡም እንዲሁ ይላል፤ ባትፈርም ኖሮ ያችኑ ዕለት ትሞት ነበር።

ፊርማህ አልገደላትም። ፊርማህ ሦስት ቀን ሰጣት። በሦስቱ ቀን ውስጥ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣኝ ፀጉሬን ጎነጎነችልኝ። ትዝ ይልሃል? አላስፈታም ብዬ ስንት ሳምንት አስለቀስኩህ! ያንን ጉንጉን ያገኘሁት ባንተ ፊርማ ነው።

ቀደም ብዬ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ቁስልህን እንዳልነካካ ፈርቼ ተውኩት፤ ቁስልህ የቱ እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኛ ቤት ሦስት ሸሻጊ አለ። የእሷ ዓመታት ነበር፤ ያንተ ስምንት ወር ነው። ገና ጊዜ አለህ። ለእኔ ስትል ሂድ። ከእናቴ የቀረኸኝ አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው የለኝም።

ይህን ስጽፍ ሆዴን እየቆረጠኝ ነው፤ ስጨነቅ እንዲህ ያደርገኛል።

ድንቢጥህ

ታኅሣሥ 22

ለድንቢጤ፣

ደብዳቤሽን ወርክሾፑ ውስጥ አነበብኩትና በሩን ዘግቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚባለው እውነት ነው። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ሄድኩ። የሙዚቃ መምህሯ አብራኝ ሄደች፤ ሳልነግራት ነው የተከተለችኝ። ለካ የቀበቶዬን ቀዳዳ ስትቆጥር ከርማለች!

እንዴት ነበር ካልሽኝ፣ መጀመሪያ ምን እንዳደረጉኝ ታውቂያለሽ? ካሜራው ከመግባቱ በፊት አራት ሊትር የሚያስቀምጥ ውሃ አጠጡኝ! ጨው አትጠጣ ብለሽ በቁጣ ከሸነቆጥሽኝ በወሩ፣ በሐኪም ትእዛዝ ውሃ እስኪጠራ ታጠብኩ። "የእህቴ ልጅ ከልክላኛለች" ብላቸው ማን ይስማኝ! ለአንድ ቀን ብቻ ይፈቀዳል አሉኝ።

ማደንዘዣ ሲሉኝ እምቢ አልኩ፤ እኔ የዚህ ሙያ ሰው ነኝ፣ አያለሁ አልኩ። አርባ ዓመት ከውጭ ያየሁትን ከውስጥ አየሁት። ቀይ ነው፣ አብጧል፣ ሲነኩት ይደማል። "ይሄ ለክር አይሆንም" አልኳት ሐኪሟን። ልጅ እግር ናት፣ አንቺን ታህላለች። ሳቋ መጥቶ ቱቦውን እንደያዘች ቆመች። "ለክር አይሆንም፤ ለመኖር ግን ይሆናል" አለችኝ። መቆረጥ አያስፈልገውም። መድኃኒት ይበቃዋል፤ ግን በጊዜው ነው የመጣኸው፣ ብትቆይ ኖሮ ሌላ ነበር አለች።

ጥቃቅን ቁራጭ ወስደዋል። አንዷ መስታወት ለአንቺ እንድትላክ ፈቃድ ፈርሜያለሁ። ይችኛዋን የፈረምኩት ብዕሩን ራሴ ጠይቄ ነው።

አጎትሽ

ጥር 9

ጋሼ፣

መስታወትህ ደረሰ። ሁለት ቀን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ዞርኩት። በሦስተኛው ቀን ወንበሩን አስተካክዬ ተቀመጥኩና ዓይኔን አስጠጋሁ።

አሉ! ጥቂት ናቸው፤ መቶ መኖር ባለበት አሥራ አምስት ቢሆኑ ነው፤ ግን አሉ። እልል ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። አንተ "ያለቀው ተመልሶ ይበቅላል ወይ?" ብለህ ከመስታወቱ ጋር ለላክኸው ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። ሽፋኑ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ አለ፤ ከጉድጓዱ ሥር አዳዲስ ሴል ይወለዳል፤ ሽፋኑ በአምስት ቀን ገደማ ራሱን ይለውጣል። ሥሩ ካልሞተና ቁጣው ከበረደ ዋንጫዎቹ ይመለሳሉ። የእናቴ ሥሩም ሞቶ ነበር። ያንተ ደህና ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱን በሰዓቱ ዋጥ። ተሻለኝ ብለህ እንዳትተወው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ እስኪ አንዴ ሞኝ ሁንልኝ።

ፈተናውን አልፌያለሁ። ሻዩ ስለሰለቸኝ ለሆዴ ወተት ጀምሬያለሁ።

ድንቢጥህ

ሐምሌ 12

ለድንቢጤ፣

ለዶክተሯ ማለት ነበረብኝ መሰል፤ ግን ድንቢጥ ይቀለኛል።

ሁለተኛውን ካሜራ ዛሬ ጨረስኩ። አራቱን ሊትርም እንደገና ጠጣሁ። ሐኪሟ "በርዷል" አለችኝ። ራሴም አየሁት፤ ሮዝ ነው፣ ያበራል፣ ዝልግልጉ ላዩ ላይ ተኝቷል። በግ ቢሆን ደህና ክር ይወጣው ነበር። ቀበቶዬ ወደ ድሮው ቀዳዳ ተመልሷል። አሁን አንጀት ስፍቅ ባልዲውን ከመድፋቴ በፊት ቆም ብዬ "ዘበኞች፣ ይቅርታ" እላለሁ። የሙዚቃ መምህሯ ሰምታኝ አበደ ብላ አስወርታለች።

አሁን የምጽፍልሽን ሳትስቂ አንብቢ። ሐኪሟ ስታሰናብተኝ "ይህ በሽታ በቤተሰብ ይሄዳል፤ የሥጋ ዘመድ አለህ?" አለችኝ። ቤት ገባሁና ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አውጥቼ በየቀናቸው ደረደርኳቸው። ጥቅምት ላይ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ሻይ ስጠጣ ይተወኛል ብለሻል። ታኅሣሥ ላይ ስጨነቅ ነው አልሽ። ጥር ላይ ሻዩ ሰለቸኝ፣ ወተት ጀመርኩ። ለእኔ ስትጮሂ አንድም ቀን ስላንቺ ሳልጠይቅ ቀረሁ። እናትሽ። እኔ። አንቺስ?

ቀበቶሽ ስንተኛው ቀዳዳ ላይ ነው?

አጎትሽ

ሐምሌ 20

ጋሼ፣

ቀበቶ አላስርም ብዬ ልቀልድ ነበር። አልቻልኩም።

ደም አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ፤ ሁለቱም ከግንቦት ወዲህ ነው። ለማንም አልነገርኩም። የሰው አንጀት ሳይ እየዋልኩ የራሴን ለማሳየት ፈራሁ። ምን ሊታይ እንደሚችል ስለማውቅ ነው መሰለኝ የባሰብኝ። አንተን እንደዚያ ያንጓጠጥኩህ ሰው ይህን ሲያደርግ አያሳፍርም? በደብዳቤህ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተነሥቼ ቀጠሮ ያዝኩ። ነሐሴ 3 ጠዋት ነው። መስታወቱን ራሴ አላይም፤ ባልደረባዬ ታይልኛለች።

እንዳትመጣ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራ አለህ። ሽሸጋ በቃን። ናልኝ።

ድንቢጥህ

ሐምሌ 25

ለድንቢጤ፣

ይህ ደብዳቤ ከኔ ቢቀድም ጥሩ ነው፤ ካልቀደመ አብረን እናነበዋለን። ነሐሴ 1 ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ እደርሳለሁ። ወርክሾፑን ቆልፌ ቁልፉን ለሙዚቃ መምህሯ ሰጥቻለሁ። የታዘዘው ክር ይቆይ፤ ቫዮሊን ሳይዘፍን ቢከርም አይሞትም።

አይዞሽ፣ ልጄ። እናትሽ ዓመታት ደበቀች፣ እኔ ስምንት ወር ደበቅሁ፣ አንቺ ሁለት ወር ተኩል። ቤተሰቡ እየተሻሻለ ነው።

በሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ኮሪደር ላይ መጠበቅ አውቅበታለሁ። ዘንድሮ ግን ፈርቼ አይደለም። ማበጠሪያም ይዣለሁ። ፀጉር ጎንጉኜ አላውቅም፤ ሦስት የአንጀት ክር መግመድ ግን አርባ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ብዙ አይለይም። ቀጠሮሽ እስኪደርስ እጄ ሥራ ይፈልጋል፤ አንቺ ቁጭ በይልኝ ብቻ።

አራቱን ሊትር ግን ብቻሽን ነው የምትጠጪው። እኔ ሆድ ማጠብ ተከልክያለሁ።

አጎትሽ